ውሃውን ጨምሮ ነው?

ባለፈው ጥር የአጎቴ ልጅ ከሚላን አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የሴት ጓንት ነው። ጥቁር፣ ስስ፣ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ። ዋጋው 95 ዩሮ ይላል። ከሥሩ «ሻጯ የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ነው አለችኝ፤ ለአባዬ አሳይልኝ» ብላ ጽፋለች።

አባቷ የሚኖሩት ሞጆ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ቆዳ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ፎቶውን በሁለት ጣታቸው አስፍተው፣ ብዙ አዩት።

«የደጋ በግ ነው። እከክ አልነካውም» አሉ።

«በፎቶ እንዴት አወቁት ጋሼ?»

«አንተ ፊደል በምን ታውቃለህ?»

ዋጋውን ጠየቁኝ። ወደ ብር መንዝሬ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ስልኩን መለሱልኝና «ውሃውን ጨምሮ ነው?» አሉ።

ሳቅሁ። ሱቅ ገብተን «ቫትን ጨምሮ ነው?» እንደምንለው ያሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው አልሳቁም።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ፖለቲካውን ትተህ የት ገባህ?» የምትሉኝ ወዳጆች አላችሁ። ይሄም ፖለቲካ ነው። ማን ምን ያመርታል፣ ቆሻሻው ማን ደጅ ይፈሳል፣ ይህን የወሰነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ፖለቲካ ካልሆነ ምኑ ፖለቲካ እንደሆነ አላውቅም።

የቆዳ ፋብሪካን ከውስጥ ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳው በጨው ታሽቶ ይመጣል። ጨውና ደሙ ይታጠባል። ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ባለበት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ጸጉሩ ይለቃል። አብሮት የመጣው ሥጋና ስብ ይፋቃል። ከዚያ ትልቅ ድራም ውስጥ ከክሮም ጨው ጋር ሲሽከረከር ይቆያል፤ ሲወጣ ሰማያዊ ነው። ሠራተኛው ራሱ «ዌት ብሉ» ነው የሚለው። ከአንድ ቶን ጥሬ የከብት ቆዳ በመጨረሻ የሚገኘው ያለቀለት ቆዳ ሩብ ቶን ያህል ቢሆን ነው። የቀረው ጸጉር፣ ስብ፣ ፍቅፋቂና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ለዚያች አንድ ቶን 30 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይጠፋል፤ ሦስት ቦቴ በሉት። በተለመደው አሠራር ድራሙ ውስጥ ከገባው ክሮም ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያም በላይ ቆዳው ውስጥ ሳይሰርግ ከውሃው ጋር ይወጣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከቆዳ ሥራ ብክለት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ከእርጥቡ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ነው። ማለስለስ፣ መቁረጥ፣ መስፋት፣ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ከዚያ ጋር ሲወዳደር ንጹሕ ሥራ ነው። ገንዘቡ ያለው ደግሞ እሱ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ከእኛ ወደ ውጪ የሚላከው በአብዛኛው ጥሬው፣ በአሲድና ጨው የተዘጋጀው ሌጦ እና ሰማያዊው ቆዳ ነበር። ማለትም መጥፎውን ሥራ እዚህ ሠርተን ጥሩውን ሥራ በመርከብ ስንልክ ኖርን።

መንግሥት ይህን አይቶ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 567 ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጪ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ታክስ ጣለ። በኋላም «ክረስት» የሚባለውን ደረጃ ጨመረበት። ሐሳቡን ያኔም ደግፌዋለሁ፣ አሁንም እደግፈዋለሁ። ጫማውን እዚህ እንስፋ ነው የሚለው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከቆዳ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ በዓመት ይገባል ተብሎ ነበር፤ የተገኘው የዚያን ሲሶ እንኳ አልሞላም። ዛሬ በፋሲካ ማግስት የበግ ቆዳ አጥር ሥር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው የምናየው ለዚህም ጭምር ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ቆዳ ገዢው በጉ ተገፎ ሳያልቅ በር ያንኳኳ ነበር። ያም ሆኖ፣ ስለ ታክሱ ያን ሁሉ ስንከራከር «ብዙ ቆዳ እዚህ ከተለፋ ብዙ ውሃ የት ይሄዳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ጓንቱ ልመለስ። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ግላቨርስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ስሟ በቀጥታ ሲፈታ የጓንት ሠሪዎች ከተማ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከሚሠራው ጓንት አብዛኛው ከእሷና ከአካባቢዋ ይወጣ ነበር። በውስጧ የሚያልፈው ወንዝ ፋብሪካዎቹ በዚያ ቀን በተጠቀሙት ቀለም ይለወጥ እንደነበር ሽማግሌዎቿ ያወራሉ። በ1972 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የንጹሕ ውሃ ሕጓን አወጣች። በ1982 ደግሞ ለቆዳ ፋብሪካዎች ለብቻው የፍሳሽ መለኪያ ተደነገገ። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

«ያው፣ ሕጉ አባረራቸው» ማለት ይቀላል። እውነቱ ግን ሕጉ ብቻውን አላባረራቸውም። ርካሽ ጉልበት፣ ርካሽ ጥሬ ቆዳ፣ ጫማና ጓንት ሰፊው ወደ እስያ መሄዱ፣ የሰው አለባበስ መለወጡ፣ ሁሉም አለበት። የማጣሪያ ወጪ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ፋብሪካ የሚሰደደው በዋናነት ለእሱ ብሎ አይደለም የሚሉ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ብዙ ናቸው። ምናልባት ልክ ናቸው። ግን ያ ወጪ ትንሽ ከሆነ ጥያቄዬ ይብሳል፤ ታዲያ ትንሿን ወጪ ለምን እዚህ የሚከፍላት ጠፋ?

በታኅሣሥ 1991 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ባንክ ዋና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የነበረው ላውረንስ ሰመርስ የፈረመበት የውስጥ ማስታወሻ ሾልኮ ወጥቶ ዓለምን አነጋግሯል። ሐሳቡ በአጭሩ፣ ብክለት ጤና ሲጎዳ የሚጠፋው ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ ደመወዝ ዝቅተኛ የሆነበት አገር ቢበከል ኪሳራው ያነሰ ነው፤ ሕዝባቸው ሳሳ ያለ የአፍሪካ አገሮች እንዲያውም ከሚገባቸው በታች ነው የተበከሉት የሚል ነበር። በኋላ ለምፀት የተጻፈ ነው ተባለ። ሰውየው የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስትርም፣ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንትም ሆነ። እኛ አገር ይህን ማስታወሻ የሚጠቅሱ ሰዎች ሲጠቅሱት በንዴት ነው፤ እኔም ተማሪ እያለሁ እንደዚያ ነበርኩ። አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ሞጆን እንበክል ብሎ ስብሰባ የተቀመጠ ማንም የለም። ገዢው ርካሽ ጠየቀ፣ ሻጩ ካለው ላይ ቀነሰ፣ ከሚቀነሱት ነገሮች ውስጥ የማይጮኸው ወንዙ ሆነ። ክፉ ሰው ሳያስፈልግ ሒሳቡ በራሱ ሠራ።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የአፍሪካ መንግሥታት ባማኮ ላይ ተሰብስበው አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ የሚከለክል ስምምነት ተፈራርመው ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ከጣሊያን የመጣ መርዛማ ቆሻሻ በበርሜል ተሞልቶ ናይጄሪያ ኮኮ ወደብ አጠገብ ተጥሎ ተገኝቷልና ቁጣው ትኩስ ነበር። ጥሩ ስምምነት ነው። ግን ቆሻሻው ራሱ መርከብ መሳፈር የለበትም። ቆሻሻውን የሚወልደው ሥራ ከመጣ ይበቃል። ባማኮ በርሜሉን ከለከለ፤ ድራሙን አልነካም።

የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከግንቦት 2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቆዳ የሚነካ ማንኛውም የቆዳ ውጤት በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በላይ ክሮም ስድስት እንዳይኖረው ከልክሏል። ፋብሪካው ድራም ውስጥ የሚገባው ክሮም ሦስት ነው፤ ብዙም አይከፋም። በአያያዝ ጉድለት ወደ ክሮም ስድስት ሲቀየር ግን ቆዳ ያሳክካል፣ ካንሰር ከሚያመጡት ይመደባል። ስለዚህ ያ ጓንት ሚላን ሱቅ ለመግባት ማሟላት ያለበት ልክ አለ። በዚህ ደስ ይለኛል፤ የእህቴ እጅ ነው የሚገባበት። ዳሩ ሕጉ የሚከተለው ጓንቱን ነው። ጓንቱ ከሞጆ ተነስቶ እስከ ሚላን ሕግ አጅቦት ይሄዳል፤ ጓንቱን ያጠበው ውሃ ግን ከቱቦው ሲወጣ አጃቢ የለውም። ወንዙ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ቆቃ ይገባል፣ ከቆቃ በታች ደግሞ አዳማ የምትጠጣውን ትቀዳለች።

«እኛ ሕግ የለንም እንዴ?» ለምትሉ፣ አለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ቁጭ ብሎ ለሚያነበው ያስገርማል። በካይ ያጸዳል፣ ይከፍላል፣ ይዘጋል ይላል። እንዲያውም ከዳር ቆሜ አየሁት የሚል ሰው እንኳ እኔ ራሴ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት መክሰስ እንዲችል በር ከፍቷል። ፊደሉ ከግላቨርስቪሉ አያንስም። የሚያንሰው ቱቦው አጠገብ ጠርሙስ ይዞ የሚቆም፣ የለካውንም ለሰው የሚናገር ሰው ነው።

ይህን ያወቅሁት በመልካም መንገድ አይደለም።

ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ የውጪ ድረ ገጽ ስለ ሞጆ ወንዝ ጽፌ ነበር። በፍሪላንስ ለሚኖር ሰው 300 ዶላር ቀላል አይደለም። ሁለት ቀን ወንዙ ዳር ዋልኩ። አረፋውን፣ ሽታውን፣ ውሃ የማይጠጡትን ከብቶች ጻፍኩ። አጎቴ ያኔ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ማታ ማታ ቤታቸው ሳድር ፋብሪካው ማጣሪያ እንዳለው፣ ግን መብራትና ኬሚካል ስለሚበላ ሁልጊዜ እንደማይሠራ እንደ ቀልድ አጫወቱኝ። «እንግዳ ሲመጣ እንደ ሳሎን መብራት ይበራል» ነው ያሉኝ። ስማቸውን ሳልጠቅስ ጻፍኩት። የፋብሪካውን ስም ግን ጠቅሼ ነበር፤ ዛሬ አልጠቅሰውም።

ከመጻፌ በፊት የፍሳሽ ምርመራ ውጤት ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ቀን ተመላልሻለሁ። አንዱ ቢሮ «የድርጅቱ ምስጢር ነው» አለኝ፤ ሌላው «ደብዳቤ ይዘህ ና»፤ ደብዳቤ ሳመጣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። አዘጋጁ ከወዲያ «ነገ ላክልን» ይለኛል። ተውኩት። ጽሑፉ ያለ አንድ ቁጥር ወጣ። ቀለም አለው፣ ሽታ አለው፣ ፎቶው ያምራል (ይህን ቃል ስጽፍ አፍሬ ነው)። ልኬት የለውም።

የሆነው ምን መሰላችሁ? አንድ የአውሮፓ ገዢ ጽሑፉን አይቶ ጥያቄ ላከ፤ ጥያቄው ሲመረመር ትእዛዙ ዘገየ። ፋብሪካው ጊዜያዊ ሠራተኞችን አሰናበተ። አብዛኞቹ ጸጉር ማንሻው ክፍል ያሉ፣ ቦት ጫማ እንኳ በወጉ የሌላቸው ልጆች ናቸው። በር ላይ ሻይና አምባሻ የምትሸጠው ሴትዮ ሥራ አቆመች። ለወንዙ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደውሎ በጨዋ ድምፅ «ወንድሜ፣ ሽታ ማስረጃ አይደለም። ቁጥር አለህ?» አለኝ። አልነበረኝም። ተናድጄ ዘጋሁበት እንጂ፣ በዚህች ነገር ልክ ነበር።

አጎቴን ቢሮ ጠርተው «ይህ ልጅ ዘመድህ አይደለም እንዴ?» ብለዋቸዋል። ይህን የነገሩኝ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ያኔ የነገሩኝ ሌላ ነው። «እኔ ሰፈር ሰው ማለዳ ተነስቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን መሰለህ? ያሸታል። ካልሸተተ ደነገጠ ማለት ነው፤ ፋብሪካው ቆሟላ። አንተ ያንን ሽታ አጠፋህልን፣ ውሃውን ግን አላጸዳህልንም።»

ከዚያ ወዲህ በሁለት ወገን ያሉ ወዳጆቼን ማዳመጥ ከብዶኛል። አንደኛው ወገን ነገሩን ሁሉ የነጭ ሴራ ያደርገዋል፤ ያ አባባል የእኛን ተቆጣጣሪ ከነጠርሙሱ ነጻ ያወጣዋል። ሁለተኛው «መጀመሪያ እንበልጽግ፣ እነሱም በክለው ነው የበለጸጉት» ይላል። እነሱ ሲበክሉ ያተረፉት እዚያው ቀርቶ ነበር። እኛ የምንበክልበት ጓንት ትርፉ የሚቆጠረው ሚላን ነው።

ደግሞ አይቻልም አይባልም። ጣሊያን ቱስካኒ ውስጥ ሳንታ ክሮቼ የምትባል ከተማ አለች። የቆዳ ፋብሪካዎቿ ዛሬም ይሠራሉ፤ አልተሰደዱም። ፍሳሻቸውን ለአንድ የጋራ ማጣሪያ ይልካሉ፣ ወጪውን ይካፈላሉ፣ ቆዳቸውንም በውድ ይሸጣሉ። ጻድቅ አላደርጋቸውም፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከማጣሪያው ዝቃጭ የሚገኘው አመድ መንገድ ሥር ተቀብሮ ተገኘ ተብሎ አገሩ በምርመራ ታምሷል። ያን የያዘው ግን የሚለካ ሰው ስላለ ነው። እኛው ዘንድ ደግሞ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ከጨርቅ ማቅለሚያው አንዲት ጠብታ ፍሳሽ ወደ ውጪ እንዳይወጣ ተደርጎ ነው የተነደፈው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። ስማቸው ትልልቅ የሆኑ ገዢዎችም ሊመጡ ነበር። ሲፈለግ ተቻለ ማለት ነው። ሞጆ የመጣው ገዢ ግን እንደዚያ አልጠየቀም፤ እኛም አላስጠየቅነውም።

አሁን የሚያሳስበኝ ደግሞ አዲስ አበባ ናት። የወንዝ ዳርቻዎቿ እየተዋቡ ነው፣ ሰው እየተዝናናባቸው ነው፣ ደስ ይላል። የመዲናዋን ቆዳ ፋብሪካዎች ወደ ሞጆ ወስዶ «የቆዳ ከተማ» የማቋቋም ዕቅድ ዓመታት አስቆጥሯል፤ የጋራ ማጣሪያ አብሮ ይሠራል ይባላል። ማጣሪያው ቀድሞ ካለቀ እሰየው። ካልሆነ አውሮፓ በእኛ ላይ ያደረገውን እኛ በሞጆ ላይ እያደረግን ነው። ባንግላዴሽ ይህን አይታዋለች። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ዳካ መሃል ያለውን የሃዛሪባግ የቆዳ ሠፈር ዘግታ ፋብሪካዎቹን ወደ ሳቫር ስታዛውር የጋራ ማጣሪያው በወጉ አላለቀም ነበር። ቡሪጋንጋ የሚባለው ወንዝ ትንሽ ተነፈሰ፤ ዳሌሽዋሪ የሚባለው ተራውን ያዘ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፋብሪካ ይዘጋ አልልም፤ ያን አንዴ ሞክሬዋለሁ። እያንዳንዱ ቆዳ ፋብሪካ በወር አንዴ ከቱቦው የወጣው ውሃ ሲለካ የተገኘው ክሮም፣ ሰልፋይድና ሌላውም በር ላይ ባለ ሰሌዳ ይለጠፍ። ዳቦ ቤት የዳቦውን ግራም ይለጥፍ የለ? ያኔ የሚላኑ ገዢ አላየሁም አይልም፣ ሥራ አስኪያጁም ሽታ ማስረጃ አይደለም አይለኝም፣ አጎቴም ጠዋት በአፍንጫቸው አይተማመኑም።

ለእህቴ ጓንቱን ግዢው አልኳት። ሚላን ብርድ ነው፤ እሷ ብትተወው ሞጆ ላይ የሚጸዳ ነገር የለም። ገዝታ ሌላ ፎቶ ላከች፤ አጎቴ የስልካቸው መክፈቻ ላይ አድርገውታል።

ባለፈው ወር በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 መሠረት አቤቱታ ጻፍኩ። አቤቱታ የቀረበለት አካል በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ አቤት ባዩ በ60 ቀን ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ይላል። ረቂቁን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ አረሙኝ፤ አንደኛው የኬሚካል ስም ነበር፣ ሌላው ማጣሪያው በሌሊት ስለሚቆምበት ሰዓት። ልነሳ ስል «ከሥር የእኔንም ስም አግባው» አሉኝ።

«ጡረታዎ ላይ ችግር ቢያመጣስ ጋሼ?»

«ጡረታዬን የሚከፍለኝ ፋብሪካው አይደለም» አሉ።

መዝገብ ቤት ገብቷል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሠላሳው ቀን የሚሞላው የፊታችን ሐሙስ ነው።